ከቅበላ እስከ ፋሲካ፦ ዲፕ ፍሪዘር ማራገፍ፣ በረዶ ማቅለጥና እንደገና መሙላት

ጓዳ ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከላይ የሚከፈተው ዲፕ ፍሪዘር በብዙ ቤት መልኩ አንድ ነው። ከታች ምንነቱ የተረሳ ጥቁር ፌስታል፣ መሃል ላይ እርስ በርሱ የተጣበቀ አጥንት፣ ከላይ የተረፈ ቁሌት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል በረዶ። 200 ሊትር አካባቢ የሚይዘውን ይዤ ቅደም ተከተሉን እጽፋለሁ። የጎደለ ካለ ሙሉበት፣ የተሳሳተውን አርሙ።

ሥራው የሚጀምረው ከማጽዳት ሳይሆን ከመቁጠር ነው። በረዶው ከሚቀልጥበት ቀን ሳምንት ቀደም ብሎ እስከ ታች ድረስ ያለውን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ምንድን ነው፣ ስንት ነው፣ መቼ ገባ። አንዱ እያወጣ ሌላው ቢጽፍ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ሳምንት የሚያስፈልገው የሚበላው እንዲበላ ነው። በቆጠራ የተገኘ ሦስት ፌስታል አጥንት ሦስት ቀን ቅቅል ይሆናል፤ በማጽጃው ቀን የተገኘ ግን ወይ ይጣላል፣ ወይ ሳይታይ ተመልሶ ይገባል።

ቀኑ ለሚታወቅ ነገር ልኩ ይኸው። የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር። ጉበትና ምላስም እንዲሁ። ያልተከተፈ የጥብስ ሥጋ እንደ ቁራጩ መጠን ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት። ሙሉ ዶሮ 1 ዓመት፣ የተበለተ ዶሮ 9 ወር። የበሰለ ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር። እነዚህ ሁሉ የጣዕም ገደቦች ናቸው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሳይቋረጥ የቆየ ሥጋ ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይመርዝም፤ የሚጎድለው ጣዕሙና ልስላሴው ነው። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት፤ እኛ ዘንድ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ወሩ ስላለፈ ሳይሆን መብራት ጠፍቶ ስለቀለጠ ነው።

ቀልጦ ተመልሶ የጠነከረ ነገር ምልክት አለው። ፌስታሉ ሥር ቀይ በረዶ ተጋግሮ ይገኛል፤ ሥጋው የገባበትን ቅርፅ ትቶ ከሥሩ ላለው ዕቃ ቅርፅ ይይዛል። መቼና ለስንት ሰዓት እንደቀለጠ የሚያውቅ ከሌለ ይጣል። ግራጫ ሆኖ እንደ ቆዳ የደረቀ ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ አየር የነካው በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ሲጠፋ የሚቀር ድርቀት ነው፤ ጤና አይጎዳም፣ ያን ቦታ ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን ለወጥ ማድረግ ይቻላል።

የማቅለጫው ቀን፣ ማለትም ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሲደርስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሶኬቱን መንቀል። ምግቡን በሳፋና በካርቶን አጥብቆ ደርድሮ፣ በረዶ የሆኑ ሃይላንዶችን መሃል መሃሉ ላይ ሰክቶ በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለል፤ ከዚያ እስኪመለስ መግለጥ የለም። ፍሪዘሩ ወለል ላይ የታጠፈ ጨርቅ ተነጥፎ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ይቀመጥና ክዳኑ ይዘጋል። ውሃው በየ15 ደቂቃው ይቀየር። በረዶው ከግድግዳው ሲላቀቅ በእንጨት ማማሰያ ወይም በፕላስቲክ መጥበሻ መገልበጫ ገፋ ማድረግ ነው። ውሃው ከታች ባለው መውጫ እንዲወርድ ቡሹ ከውስጥም ከውጭም ይነሳ፤ ብዙዎች የውጭውን ብቻ ያነሱና ውሃው ለምን እንደማይወርድ ግራ ይገባቸዋል።

ማጠቢያው 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ጠረኑ ጠንካራ ሳሙና አይጠቅምም፤ ሽታው ውስጥ ይቀርና ቅቤው ይስበዋል። በደንብ ደርቆ፣ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ውስጡ መልሶ ሲቀዘቅዝ ምግቡ ይመለሳል።

የፍሪጅ ጥገና

ጥሩ ተጽፏል። ከጥገና በኩል ልጨምር።

በረዶውን በቢላ፣ በመፍቻ፣ በሹካ መፈንቀል ፍሪዘር ከሚገድሉ ነገሮች አንደኛው ነው። ከላይ በሚከፈት ፍሪዘር ጋዙ የሚዞርበት ቱቦ ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ ተጣብቆ በፎም ተቀብሯል። አንዴ ከተበሳ ያን ቦታ ከፍቶ መበየድ አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። አዳዲሶቹ ደግሞ አር 600ኤ የሚባል ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ከኋላ ያለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚነድ ጋዝ ነው። ቱቦ ተበስቶ «ፉሽ» ካለ ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ፣ እሳት ሳይጫር፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው።

በረዶ ቶሎ ቶሎ የሚያበዛ ፍሪዘር የክዳኑ ጎማ ይመርመር። ወረቀት ወይም የብር ኖት ጎማው ላይ አድርገው ክዳኑን ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ እዚያ ጋ እርጥብ አየር እየገባ ነው። ዙሪያውን በየአንድ ስንዝሩ ይሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ ጎማው አልሞተም፤ የሥጋ ደምና ቅባት ደርቆበት ነው። በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የተጣመመውን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሞቅ አድርገው ወደ ቅርፁ ይመልሱት። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልያዘ ይቀየር።

ሌላው ዳንቴሉ ነው። ብዙ ሞዴሎች ሙቀቱን የሚያስወጡት በውጭ ግድግዳቸው በኩል ስለሆነ ጎኑ ሲሞቅ ጤነኛ ነው። ዳንቴሉ ከላይ ብቻ ይሁን፣ ጎኑን አይሸፍን። ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ማቅለጥ ነው። ጣት እስኪያህል ከተጠበቀ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል።

ትዕግሥት ከጎፋ

የኔ ጥያቄ ሽታውን በተመለከተ ነው። መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ ደም ታች ወርዶ ደርቋል። በሶዳ ሁለቴ ታጥቦ ሽታው አልለቀቀም። አቼቶና በረኪና ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል ወይ?

ጓዳ ቆጣሪ

እህቴ፣ ሁለቱን በፍጹም አትቀላቅያቸው። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። ፍሪዘር ውስጥ ጭንቅላት አስገብቶ ሲታጠብ ደግሞ ይብሳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደሙ ይነሳ፤ ደም ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ ከንቱ ነው። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ አዳርሺው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ ክዳኑን ከፍተሽ አድርቂው። አሁንም ከሸተተ አዲስ የተፈጨ ቡና ወይም የደረቀ ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ትሪ ዘርግተሽ፣ ሶኬቱን ነቅለሽ ሁለት ሦስት ቀን ተይው። የውሃ መውጫውን ቀዳዳም አትርሺ፤ ሽታው ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። በጠርሙስ ብሩሽ ወይም ጨርቅ በተጠመጠመበት ቀጭን እንጨት ይጠረግ።

ሀብተ ሥላሴ

በጊዜው ላይ አልስማማም። ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት ፍሪዘር ሙሉ ነው፣ ቤቱም ሥራ ይበዛበታል። ማቅለጥ ያለበት በዘወረደ ሳምንት ነው፤ የፍስኩ ተበልቶ አልቆ ፍሪዘሩ ባዶ ለመሆን የሚቀርበው ያኔ ነው። አንድ ሳፋ ብቻ ያለበትን ማራገፍና እስከ አፉ የሞላውን ማራገፍ አንድ አይደለም። ቆጠራው ከቅበላ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ማቅለጡ በዘወረደ ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

ደግሞ 55 ቀኑን ፍሪዘሩ ግማሽ ባዶ ሆኖ መቆየቱም መታሰብ አለበት። ሙሉ ፍሪዘር መብራት ሲጠፋ ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት ገደማ ብቻ። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በሃይላንድ ውሃ መሙላት። ውሃ ሲጠጥር ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ እስከ አንገቱ አይሞላ፤ አራት ጣት ይጉደል።

ጓዳ ቆጣሪ

ተቀብያለሁ፤ ዘወረደ ይሻላል።

ሰናይት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ሜሪላንድ በየወሩ ነው እንጀራ ወደ ፍሪዘር የሚገባው፤ ስለ እሱና ስለ ጾም ምግቡ ልጻፍ።

እንጀራ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ከታሸገ ላቡ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ይረጥባል፣ ዓይኑም ይጠፋል። በርዶ፣ በየመሃሉ የብራና ወረቀት ገብቶ፣ አራት ታጥፎ፣ አምስት አምስት እየሆነ ዚፕ ባለው ላስቲክ ይገባል። አየሩ በእጅ ተጭኖ ይውጣ። ሲፈለግ ላስቲኩ ሳይከፈት ውጭ ይቅለጥ፤ ከፍተው ካቀለጡት ጫፉ ይደርቃል። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ በእርጥብ ፎጣ ወረቀት ጠቅልሎ ማይክሮዌቭ ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

ቁሌት ሁለት ዓይነት ተደርጎ ይለይ። በዘይት የተቁላላው የጾም፣ ቅቤ የገባበት የፍስክ። ከበረዶ በኋላ በዓይን አይለዩም፣ ስለዚህ ፕላስተር ላይ ይጻፍ፤ እንዲያውም ሰማያዊና ቀይ ፕላስተር ቢሆን ሳይነበብ ይታወቃል። ለአንድ ድስት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ላስቲኩ ተጋድሞ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ይጠጥርና እንደ መጽሐፍ ይቆማል። በጆግ የጠጠረ ቁሌት ግማሽ ቀን አይቀልጥም፣ በሳህን ቅርፅ የጠጠረው ግን ድስት ላይ በ10 ደቂቃ ይፈታል።

ጎመን ጥሬውን ከገባ ይጠቁርና ሣር ሣር ይላል። በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ ሌላ 3 ደቂቃ፣ ተጨምቆ ይታሸግ። ለግማሽ ኪሎ 4 ሊትር ውሃ፤ ውሃው ካነሰ ጎመኑ ሲገባ መፍላቱን ያቆማል። ፎሶሊያም 3 ደቂቃ ነው። ቃሪያና ቲማቲም ሳይነኩ ይገባሉ፣ ቲማቲሙ ግን ለቁሌት እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ድንች ያለበት ወጥ አይግባ፤ ድንቹ ስፖንጅ ይሆናል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተፈጭቶ በበረዶ መሥሪያ ተከፋፍሎ ከጠጠረ በኋላ ወደ ላስቲክ ይገልበጥ፤ አንዱ ቁራጭ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተነክሮ ውጭ ከሚቀመጥ እዚህ ይሁን፤ ውጭ የቆየው ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊያፈራ ይችላል።

እንጦጦ ሥር

ሰናይት፣ የጎመኑ ደቂቃ ለሜሪላንድ ልክ ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን አንድ ደቂቃ ይጨመር። ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የሚነገረው ደንብ ይህ ነው፤ እኛ 2,300 ሜትር አልፈናል፣ ውሃው የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጎመንም ፎሶሊያም 4 ደቂቃ። ማቀዝቀዣው ጊዜም እኩል 4 ይሁን። በረዶ ያለበት ውሃ ከሌለ የቧንቧ ውሃ ሦስት ጊዜ መቀያየር ይበቃል።

ይህ እርምጃ ለምን እንዳስፈለገ የማያውቅ ይዘለዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች በቅዝቃዜ አይሞቱም፣ ቀስ ብለው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የሚያጠፋቸው ሙቀት ነው።

ሉካንዳ ያለው

የፋሲካ ቅርጫ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ። ሥጋው ቤት የሚደርሰው ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ነው። ሰው ደግሞ «እንዳይበላሽ» ብሎ ወዲያው ዲፕ ፍሪዘር ይጥለዋል። ከዚያ ጥብሱ ማስቲካ ሲሆን በሬው አርጅቶ ነበር ይባላል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ገና ያልተኮማተረ ጡንቻ ቶሎ ከጠጠረ ጉልበቱ ውስጡ ይቀራል፣ ሲቀልጥ በአንድ ጊዜ ይኮማተርና ጭማቂውን ጥሎ ይጠነክራል። መፍትሔው ሥጋውን በትሪ ዘርግቶ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ወደ ፍሪዘር ማስገባት ነው። ፍሪጁ ጠባብ ከሆነ ቅድሚያ ለጥብስ ሥጋው፤ የቅቅል አጥንት ብዙም አይጎዳም።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። 200 ሊትር ፍሪዘር በ24 ሰዓት በደንብ የሚያጠጥረው አዲስ ሥጋ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ነው። 25 ኪሎ በአንድ ቀን ከተጫነ መሃል ያለው ሁለት ቀን ሳይጠጥር ይቆያል፤ ቀስ ብሎ የጠጠረ ሥጋ ደግሞ ውስጡ ትልልቅ በረዶ ይሠራና ሲቀልጥ ደሙ ሁሉ ይወርዳል። ከቅርጫው አንድ ቀን ቀደም ብሎ መቆጣጠሪያው ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ ይዙር። ሥጋው በሁለት ሦስት ቀን ተከፋፍሎ፣ ግድግዳውን አስነክቶ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ተራርቆ ይግባ፤ ሲጠጥር ያኔ ተጠጋግቶ ይደረደራል።

ሲታሸግ በብልት ሳይሆን በሚሠራበት ምግብ ይለይ። የጥብስ፣ የወጥ፣ የቅቅል፣ የክትፎ። ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ። ዶሮም 12ቱ ብልት አንድ ላይ፣ ለአንድ ድስት። የበሰለ ዶሮ ወጥ የሚያስገባ ሰው እንቁላሉን ቀድሞ ያውጣ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ በበረዶ ጎማ ይሆናል። ወጡ ሲሞቅ አዲስ ይቀቀልለት።

ፈቲያ

ለአረፋ በግም ይኸው ነው የሚሠራው፤ እናመሰግናለን። የዘመድና የሚሰጠው ድርሻ ወደ ፍሪዘር ሳይገባ በዚያው ቀን ቢወጣ የሚቀረው ለፍሪዘሩ አቅም ይመጥናል።

ስለ ክትፎው ግን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ፍሪዘር የገባ ሥጋ ጥሬውን ቢበላ ችግር የለውም የሚሉ አሉ።

እንጦጦ ሥር

ግማሹ እውነት ነው፣ ስለዚህም አደገኛ ነው። የኮሶ ትል እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ከቆየ ይሞታል፤ የሥጋው መሃል ያን ያህል መቀዝቀዝ አለበት፣ ዳር ዳሩ ብቻ አይደለም። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ግን በበረዶ አይሞቱም፣ ይተኛሉ፤ ሲቀልጥ ከተኙበት ይነሳሉ። ስለዚህ ፍሪዘር ጥሬ ሥጋን አያነጻውም። ለክትፎ የሚቀመጥ ሥጋም ሳይከተፍ፣ በሙሉ ቁራጭ ይግባና ከቀለጠ በኋላ ይከተፍ፤ ሲከተፍ ከላይ ያለው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ በደንብ ይብሰል።

ማቅለጫውም ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለ2 ኪሎ ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይታሰብ። ለቸኮለ፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ውሃው በየ30 ደቂቃው እየተቀየረ፤ ግማሽ ኪሎ በአንድ ሰዓት ገደማ ይቀልጣል። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማደር የለበትም፤ መሃሉ ድንጋይ እንደሆነ ዳሩ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል።

ትዕግሥት ከጎፋ

ቤት ሰው ሳይኖር መብራት ጠፍቶ ከመጣ፣ ምግቡ መቅለጡ እንዴት ነው የሚታወቀው?

ሀብተ ሥላሴ

አንድ ኩባያ ውሃ አጠጥረሽ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጪ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ይቀመጥ። ስትመለሺ ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ አልቀለጠም። መሃል ከገባ በከፊል ቀልጧል። ታች ከደረሰ ሁሉም ቀልጦ ተመልሶ ጠጥሯል፤ ያኔ ሥጋውን ማመን አይቻልም።

ቤት ከሆንሽ ደግሞ እያንዳንዱ ጥቅል ይታይ። ውስጡ በረዶ ያለበት ወይም 4 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ተመልሶ ሊገባ ይችላል፣ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም። ከ4 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋና ወጥ ይጣላል፤ ባይሸትም። ንጥር ቅቤና በርበሬ ግን አይጣሉም። በርበሬ ከፍሪዘር ሲወጣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አይከፈት፤ ቀዝቃዛው ላይ ላብ ያወርድና ይጓጉላል፣ ከዚያ ይሻግታል።

የፍሪጅ ጥገና

መብራት ሲመጣ ወዲያው አይሰካ። ሞተሩ ሲቆም ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እኩል ለመሆን ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ በዚያ መሃል ሊነሳ ሲሞክር «እምምም» ብሎ ያጓራና ኦቨርሎድ በሚባለው መከላከያው ይቆማል። ይህ ሲደጋገም ሞተሩ ይቃጠላል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቆ መሰካት፣ ወይም ራሱ የሚያዘገይ መከላከያ መግዛት። ስታቢላይዘር ሲገዛም «ዲሌይ» ያለው መሆኑ ይጠየቅ። ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰካ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው ቁልፍ ላይ ያለው 1፣ 2፣ 3 ዲግሪ አይደለም። ቁጥሩ ሲበዛ ቅዝቃዜው ይጨምራል ማለት ብቻ ነው። ከዜሮ በታች 18 መድረሱን የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው፤ በሁለት ጥቅል መሃል ተሰክቶ አድሮ ይነበብ።

ጓዳ ቆጣሪ

ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ አስገባለሁ። ዝርዝሩን በተመለከተ የቀረች ነገር አለች፦ ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ክዳኑ ላይ ይለጠፍ፣ እርሳሱም በክር ይታሰርበት። አንድ ጥቅል ሲወጣ አንድ ጭረት ይሰረዛል። ውስጡ በሦስት የገበያ ዘንቢል ቢከፈል ደግሞ መቆፈር ይቀራል፤ የጾም፣ የፍስክ፣ የእንጀራና የቅመም። ዘንቢሉ እጀታ ስላለው የታችኛው ሲፈለግ የላይኛው በአንዴ ተነስቶ ይወጣል።

ትዕግሥት ከጎፋ

ለቅርጫው ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ የዞረው ቁልፍ መቼ ነው የሚመለሰው?

የፍሪጅ ጥገና

የመጨረሻው ዙር ሥጋ ከገባ 24 ሰዓት በኋላ። መሃል ያለውን ጥቅል አውጥተሽ በጣትሽ ተጫኚው፤ ካልሰመጠ ቁልፉን ወደ ነበረበት መልሺው። ከሰመጠ ግማሽ ቀን ጨምሪለት።